ጤና መድኑ ለጤና ጣቢያው እንዴት ቢከፍል ይሻላል?

ሐይቅ ዳር፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ጀማው። ከተሁለደሬ ነኝ። የቀበሌያችን የጤና መድን ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። ተመርጬ ነው እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ የኔ ሙያ ማሽላና በግ ነው። ሰሞኑን ስብሰባ ላይ አንድ ክርክር ተነስቶ መቋጫ አጣ፣ እስኪ የምታውቁ አግዙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው እህል ሲገባ የዓመት መዋጮውን ይከፍላል። ሲታመም ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው የካርዱን፣ የላብራቶሪውን፣ የመድኃኒቱን አንድ በአንድ መዝግቦ ለመድኑ ሂሳብ ይልካል፣ መድኑ ይከፍላል። ግን ሁለት ነገር አስቸገረን። አንደኛ፣ ራሱን ያመመው ሰው ሳይቀር አራት ዓይነት መድኃኒት ተሸክሞ ይመለሳል፣ ሂሳቡ ሲመጣ ካዝናው አይችለውም። ሁለተኛ፣ የምር ሲታመሙ ደግሞ መልሱ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ነው። ስኳር ያለባት እናት ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስና «ታዲያ ለምኔ ነው ያዋጣሁት?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ስብሰባው ላይ አንዱ «በተመዘገበው ሰው ልክ የተቆረጠ ገንዘብ ለጤና ጣቢያው እንስጥና በዚያው ያክመን» አለ። ሌላው «አይ፣ ጥሩ ለሠራ ጉርሻ፣ ላልሠራ ቅጣት» አለ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ልጆቹን ደሞዝ ጨምሩላቸው፣ የራበው ሰው አያክምም» ብለው ቁጭ አሉ። ማናቸው ናቸው ልክ? ሌላ አገር ተሞክሮ ምን ሆነ? ቀበሌ ብቻውን እንደማይወስን አውቃለሁ፣ ግን ለወረዳው የምናቀርበው ሐሳብ እንዲኖረን ነው።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)፦

አብሽር ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ ሀብታሞቹ አገሮችም አልፈቱትም። ተሁለደሬ ደግሞ ብትጠይቅ ያምርብሃል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳ ለሙከራ ሲጀመር አንዷ እናንተ ነበራችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላጥራ። አራት መድኃኒት ያዘዘው ልጅ ከዚያ አምስት ሳንቲም ኪሱ አይገባም። ደሞዙ ያው ደሞዙ ነው። ገንዘቡ የጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ ነው የሚሆነው። እርግጥ ኃላፊው የውስጥ ገቢው ከፍ እንዲል ይፈልጋል፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ ጣሪያ የሚያስጠግነው በዚያ ነው። ግን የጫናው ግማሽ ከሕመምተኛው ነው የሚመጣው። አንድ ኪኒን ይዞ የወጣ ሰው በር ላይ «አላከሙኝም» ይላል። ጉንፋን ነው፣ ውሃ ጠጣና እረፍ ብትለው ሄዶ ቀበሌ ይከስሃል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአከፋፈሉ ላይ አታላክኩ።

ወደ ጉርሻው ስንመጣ በብዛት የምትጠቀሰው ሩዋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጤና ጣቢያዎች በሠሩት ልክ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያገኙ አደረገች። ጎበዝ ናቸው፣ ለንጽጽር የተመረጡት ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ተመጣጣኝ ገንዘብ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተሰጣቸው፣ ስለዚህ ልዩነቱ የጉርሻው እንጂ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ጤና ተቋም ውስጥ የሚወለደው ሕፃን ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር በ23 በመቶ ጨመረ። ትልቅ ነገር ነው። አራቱን የእርግዝና ክትትል ጨርሰው የሚመጡ እናቶች ግን አልጨመሩም፣ ክትባት ያጠናቀቁ ሕፃናትም አልጨመሩም። ለምን ብትል፣ ለአንድ ወሊድ የሚከፈለው 4 ዶላር ተኩል ገደማ ነበር፣ ለመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ግን 10 የዶላር ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ሰው ወደከፈልከው ይሄዳል።

የጉርሻ ነገር ለምን እንደሚያስፈራኝ ደግሞ ከራሴ ልንገራችሁ። ፓርቶግራፍ የሚባል ቅጽ አለ፣ ምጥ ላይ ያለችን እናት የሕፃኑን ልብ ምት፣ የማኅፀን በሩን አከፋፈት እየለካህ በየጊዜው ነጥብ የምታደርግበት። ከላይ «መቶ በመቶ ይሞላ» የሚል ኮታ ሲመጣ መቶ በመቶ ይሞላል። አንስተህ ስታየው ግን መስመሩ አንድም ሳይዛነፍ ሽቅብ ይወጣል፣ የስድስት ሰዓቱም የዘጠኝ ሰዓቱም ቀለም የአንድ እስክሪብቶ ነው፣ የሕፃኑ ልብ ምት ሌሊቱን ሙሉ 140 ላይ ቆሞ አድሯል። እናትየው ከወለደች በኋላ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ነው። ይሄ ገንዘብ ሳይኖርበት ነው። ገንዘብ ሲጨመርበት አስቡት።

ጦሳ፦

ሲስተር ልክ ነሽ፣ ግን ስለ አከፋፈሉ ትንሽ ለዘብ ያልሽ መሰለኝ። መድን የሚከፍልባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፣ በአገልግሎት ቁጥር፣ በሰው ቁጥር፣ በበሽታ ዓይነት፣ ሦስቱም የራሳቸው ሕመም አላቸው። በቀን ሂሳብ የቀጠርከው ግንበኛ ቀን ያበዛል፣ በኮንትራት የያዘው ሲሚንቶ ይቀንሳል። ሕክምናም ከዚህ አያልፍም።

በአገልግሎት ቁጥር ስትከፍል አገልግሎት ይበዛል። ብራዚልን ተመልከቱ፣ በግል ሆስፒታሎቿ ከሚወልዱት ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚወልዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ያን ያህል ሴት በምጥ መውለድ አቅቷት አይደለም መቼም። ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕራሲዮን ለሐኪሙ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል፣ ሴቶቹም ባህል አድርገውታል። እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በቀዶ ሕክምና የወለዱት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፣ ማለትም ማግኘት የነበረባት ሳታገኝ የምትቀር ብዙ ነች። አንዱ ጋ ትርፍ፣ አንዱ ጋ ጉድለት።

በሰው ቁጥር የተቆረጠ ገንዘብ ስትሰጥ ደግሞ ጤና ጣቢያው ያልታከመ ሰው ያተርፈዋል። ላብራቶሪ ባያዝ ይሻለዋል። ከበድ ያለ በሽተኛ ሲመጣ «ሪፈር» ብሎ ደሴ ይልከዋል፣ ወጪው የሌላ ይሆናላ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝቧ በሙሉ የጤና ሽፋን ስትሰጥ ለተመላላሽ ታካሚ በነፍስ ወከፍ ነው የከፈለችው፣ ለተኝቶ ታካሚ ደግሞ በበሽታው ዓይነት፣ ያውም ጠቅላላው በጀት ከላይ ተገድቦ። ወጪው ከቁጥጥር አልወጣም፣ ድሃውም ታከመ፣ በዓለም ይደነቃል። ግን እሷ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የወረዳ ሆስፒታሎቿን ስትገነባ፣ ሐኪሞቿን ወደ ገጠር ስትልክ ኖራለች። አከፋፈሉን ብቻ ቀድተህ ብታመጣ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት አያበቅልም።

በበሽታ ዓይነት መክፈልን በሰፊው የጀመረችው አሜሪካ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአረጋውያኑ መድን። ለሳንባ ምች ይህን ያህል፣ ለዳሌ ስብራት ይህን ያህል፣ ሦስት ቀንም ተኛ አሥር ቀን ክፍያው ያው ነው። ሆስፒታሎቹ ወዲያው በሽተኛ ቶሎ ማስወጣት ጀመሩ። ቁጠባውም እውነት ነው፣ ገና ሳይጠነክር የተሸኘውም ሰው እውነት ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ የሚተኛ በሽተኛ የሚበዛበትን ሆስፒታል መቅጣት ጀመሩ። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል፣ እዚያም እንዲሁ ነው ኑሮው።

የፒያሳ ልጅ (ለንደን)፦

ከደሴ ነኝ፣ እዚህ አንድ የቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒክ ውስጥ ቢሮ ሥራ ነው የምሠራው። ስለ ጉርሻ ከሆነ ወሬው እንግሊዝን ትቶ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት ለቤተሰብ ሐኪሞች 146 መለኪያ አወጣ። የስኳር ሕመምተኛህ ስኳር ተለክቷል ወይ፣ የደም ግፊቱ ከዚህ በታች ወርዷል ወይ፣ አስም ያለበት በዓመቱ ታይቷል ወይ፣ እያለ ይቀጥላል። ጠቅላላው 1,050 ነጥብ ነው፣ ነጥቡ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ከሐኪሞቹ ገቢ እስከ ሩብ የሚደርሰው ከዚህ ነበር። መንግሥት 75 በመቶ ያህሉን ነጥብ ያገኛሉ ብሎ በጀት ያዘ፣ እነሱ በመጀመሪያው ዓመት ከ90 በመቶ በላይ አስገቡ። ሒሳቡ ጉድ ሆነ።

ጥቅም አልነበረውም አልልም። መዝገቡ ተስተካከለ፣ ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ተጠርቶ ተለካ፣ ነርሶች ተቀጠሩ። የስኳርና የአስም ሕክምና ለተወሰነ ጊዜ ከበፊቱ ፈጠን ብሎ ተሻሻለ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ግን ቆመ። ነጥብ ያልተሰጠባቸው ነገሮች ደግሞ ወደ ኋላ ቀሩ። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 «በቃን» ብላ ተወችው።

ከኔ ወንበር ሆኜ የሚታየኝን ልንገራችሁ። የሕመምተኛው ፋይል ሲከፈት ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ቢጫ ሳጥን ይወጣል፣ «ክብደት አልተለካም፣ ሲጋራ ያጨሳል ወይ አልተጠየቀም» ይላል። አንዲት አሮጊት ባሏ ሞቶባት ልታወራ ትመጣለች። ሐኪሙ ያለው አሥር ደቂቃ ነው። ሳጥኑ ግን ሲጋራ ነው የሚጠይቀው። ደግ ሐኪም ሳጥኑን ይተወዋል፣ ሁሉም ግን አይተወውም።

ነጋዴው (ከሚሴ)፦

ያላችሁት ሁሉ ጥሩ ነው ግን ለምን ታወሳስቡታላችሁ? ሰው በነጻ ሲሆን ነው የሚያበዛው። ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር አምስት ብርም አሥር ብርም ይክፈል። ለራስ ምታት የሚሮጠው ያኔ ይቀንሳል፣ ካዝናውም ይተርፋል። ሱቄ በዱቤ ስሸጥና በካሽ ስሸጥ ያለውን ልዩነት ስለማውቅ ነው።

ጦሳ፦

ነጋዴው፣ ያልከው ተሞክሯል፣ ያውም በደንብ። አሜሪካ ውስጥ ራንድ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ሺዎች ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፍሎ ለአንዳንዱ ሕክምናውን ነጻ፣ ለአንዳንዱ በከፊል ክፍያ አደረገ። የሚከፍሉት ሕክምና ቀነሱ፣ አልዋሽህም። የቀነሱት ግን የማያስፈልገውን ብቻ አልነበረም፣ የሚያስፈልገውንም እኩል ቀነሱ። ነጻ ከሆነላቸው ድሆች መካከል ግፊት ያለባቸው ግፊታቸውን በተሻለ ተቆጣጠሩት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛህ የትኛውን ዕቃ እንደሚፈልግ ያውቃል። ደረቱን የወጋው ሰው ጋዝ ይሁን ልብ የሚያውቀው ከታየ በኋላ ነው።

ባለፋርማሲ (ወልድያ)፦

እኔ በመድኃኒቱ በኩል ልግባ። ሻጭ ስለሆንኩ ራሴንም እንደምነካ አውቃለሁ።

ቻይና ሆስፒታሎቿ መድኃኒት ከገዙበት 15 በመቶ ጨምረው እንዲሸጡ ፈቅዳ ነበር፣ መንግሥት የሚሰጣቸው በጀት ስለማይበቃቸው። ምን ይሆናል? ውድ መድኃኒት የበለጠ ያተርፋል፣ ከአንድ ሁለት ይሻላል። አንቲባዮቲክና ግሉኮስ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ተመራማሪዎች ደህና ሰዎችን ታማሚ አስመስለው እየላኩ አይተውታል፣ ሐኪሙ ከሽያጩ እንደማያገኝ ሲያውቅ ማዘዣው ቀነስ ይላል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭማሪውን ማስቀረት ጀመሩ፣ በ2017 በመንግሥት ሆስፒታሎች በሙሉ ቀረ። የመድኃኒቱ ወጪ ወረደ፣ ግን አንዳንዶቹ ወደ ምርመራና ወደ መሣሪያ ዞሩ። የጎደለውን ገቢ ከአንድ ቦታ ማምጣት አለባቸዋ።

የናንተው ጤና ጣቢያ «አልቋል» የሚለው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። መድኃኒት የሚገዛው ከሸጠበት ገንዘብ ነው፣ ይሸጣል፣ በዚያው ይገዛል። መድኑ ሂሳቡን አዘግይቶ ሲከፍል የሚገዛበት የለውም። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ያለችውን ይሰጠዋል፣ ባለ ደብተሩ «አልቋል» ይባላል። ክፋት አይደለም፣ ሂሳብ ነው። እዚህ ጎዳና ላይ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፣ ማዘዣው ላይ የጤና ጣቢያ ማኅተም፣ ሰውየው እጅ ላይ የመድን ደብተር፣ ግን የሚከፍለኝ ከኪሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦

ወላሂ አልሐምዱሊላህ፣ ስብሰባው ላይ ከሰማሁት ይሄ ይበልጣል። ባለፋርማሲው ያልከው ነገር ልቤን ነካው፣ እኛ ኮሚቴዎቹ ሁልጊዜ ጤና ጣቢያውን ነው የምንወቅሰው፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚደርሰው ጠይቀን አናውቅም። ግን ሲስተር፣ የአዛውንቱን ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ደሞዝ ቢጨመርስ?

ሲስተር (ኮምቦልቻ)፦

አባታችን ያሉት እውነት ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ባለሙያው ሥራ እስከማቆም የደረሰው ለምን ሆነና። ሌሊት ዱቲ አድሮ ጠዋት የቤት ኪራይ የሚያሰላ ሰው ላይ የጥራት ስብከት አይሠራም። ግን ደሞዝ ሰውን ሥራ ላይ ያቆየዋል እንጂ ብቻውን እንዴት እንደሚያክም አይለውጠውም። ሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ አንድ ጥናት ነበር፣ ያው አንዱ ሐኪም ጠዋት በመንግሥት፣ ማታ በግል ክሊኒኩ ሲሠራ ታማሚ መስለው የሄዱ ሰዎች አዩት። በግሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያያል፣ ብዙ ይጠይቃል፣ ትክክለኛውን ሕክምና የመስጠቱም ዕድል ከፍ ይላል። ዕውቀቱ ያው ነው። ልብ በሉ ታዲያ፣ የማያስፈልግ መድኃኒት ማዘዙ በሁለቱም ቦታ ነበር። እኛም ጋ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ከሰዓት ውጪ በክፍያ የሚሠራው የግል ክፍል እንዲሁ ነው፣ በመደበኛው ወራት ቀጠሮ የተሰጠው ኦፕራሲዮን በከፈለ ሰው በሳምንቱ ይሠራል። ሐኪሙን ከአገር እንዳይወጣ አቆይቷል፣ ጥሩ ነው። ወረፋ ላይ ያለው ገበሬ ግን ይሄን አይቶ ምን ይበል?

አሁን ለኮሚቴው ቁም ነገር የምለው አንድ ነው። የዓለም ባንክ በብዙ አገሮች፣ ካሜሩን፣ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ የሞከረውን ጉርሻ እ.ኤ.አ. በ2022 አሰባስቦ አየው። ጉርሻ ያገኙት ምንም ካላገኙት ተሽለው ተገኙ። ያለ ጉርሻ ገንዘቡ ቀጥታ እጃቸው ገብቶ ራሳቸው እንዲያዙበት ከተደረጉት ጋር ሲተያዩ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ማለትም ብዙውን ሥራ የሠራው ቅጣትና ሽልማቱ ሳይሆን ገንዘቡ በሰዓቱ ጤና ጣቢያው ድረስ መድረሱ ነው። እንደኔ ከሆነ ጉርሻውን ተዉት። ወረዳውን ሂሳቡ በጊዜው ይከፈል በሉ፣ ይሄ ከሁሉ ይቀድማል።

ነጋዴው (ከሚሴ)፦

ሲስተር፣ በጊዜው ከተከፈለ በኋላስ? አራት መድኃኒት ማዘዙ መቼ ቆመ? ጭራሽ ገንዘቡ ቶሎ ከመጣለት አምስት ያዛል።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)፦

ሃሃ፣ አንተ ለካ ቀላል ሰው አይደለህም። እውነትህን ነው። ለዚያ ነው በየሂሳቡ ማዘዣው የሚታየው ሰው የሚያስፈልገው። ሁሉን ማየት አይቻልም፣ ከየወሩ ጥቂት ካርድ በዕጣ ይነሳ፣ ሌላ ወረዳ ያለ ጤና መኮንን ወይ ፋርማሲስት ይየው፣ በአማካይ ለአንድ ሰው ስንት መድኃኒት ታዘዘ፣ ከስንቱ አንቲባዮቲክ ተሰጠው ይባል። ውጤቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ስብሰባ ላይ ይነበብ። ገንዘብ አትቁረጡ፣ ከቆረጣችሁ መዝገቡን ነው የሚያስተካክሉት እንጂ ማዘዣውን አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦

ይሄን ለወረዳው አቀርበዋለሁ ኢንሻአላህ። «አልቋል» ለሚባለውስ ምን እንጠይቅ? ፋርማሲው ውስጥ ገብተን መደርደሪያ አንቆጥር።

ባለፋርማሲ (ወልድያ)፦

መደርደሪያ መቁጠር አያስፈልግም። የቢን ካርድ አላቸው፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት። የግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የሕፃናት አሞክሳሲሊንና ኦአርኤስ ብቻ ምረጡና ባለፈው ሩብ ዓመት እያንዳንዱ ስንት ቀን ዜሮ እንደነበር ጠይቁ። ከዚያ መድኑ የከፈለበትን ቀን አጠገቡ ጻፉት። ዜሮ የሆኑት ቀኖች ክፍያ ከዘገየባቸው ወራት ጋር ከገጠሙ ጥፋቱ ጤና ጣቢያው ጋ አይደለም ማለት ነው። ካልገጠሙ ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁ።